ሆርሞን አጋጅ መድኃኒቶችና የጎንዮሽ ጉዳታቸው፦ ከግላስጎው እስከ ጫግኒ

መግቢያ

ለጡት ካንሰር ከሚሰጡ መድኃኒቶች መካከል እንደ ታሞክሲፌን በዋጋው የማይከብድ፣ በአወሳሰዱ ቀላል፣ በጥቅሙም የተመሰከረለት መድኃኒት ማግኘት ያስቸግራል። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ የ20 ሚሊግራም ክኒን ነው። ማቀዝቀዣ አይሻም፤ መርፌ አይሻም፤ አልጋ አያስይዝም። የጨረር ሕክምና በሩቅ በሚገኝበት፣ የካንሰር ስፔሻሊስት በረጅም ወረፋ በሚታይበት አገር፣ በገጠር ጤና ተቋም መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ የሚችል የካንሰር መድኃኒት ቢኖር ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ አንድ ከባድ ግዴታ ይጥላል፤ ቢያንስ ለአምስት ዓመታት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላትና ምንም ሕመም የማይሰማት ሴት፣ ሌሊት በላብ የሚያጠምቃትን፣ የወር አበባዋን የሚያዛባባትን፣ አንዳንዴም ከባለቤቷ ጋር የሚያቃቅራትን ክኒን በየቀኑ እንድትውጥ እንጠይቃታለን። መድኃኒቱ የሚከላከለው አደጋ ለዓይን አይታይም፤ የሚያመጣው መከራ ግን በየሌሊቱ ይሰማል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች በመካከል ያቋርጣሉ፤ ሲያቋርጡም አብዛኛውን ጊዜ ለሐኪማቸው አይነግሩም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ መድኃኒቶች እንዴት እንደተገኙና ወደ አገራችን እንዴት እንደገቡ በአጭሩ በመተረክ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የምንለው ነገር ከታሪካቸው ዳር የቆመ ሳይሆን የታሪካቸው እምብርት መሆኑን ማሳየት ነው። ከዚያም በመነሣት እንደ ጫግኒ ባሉ ከተሞች የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወተት ላሞች የተነሣ ሐሳብ

በ1896 ጆርጅ ቶማስ ቢትሰን የተባለ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ቢትሰን በወጣትነቱ ስለ ጡት ወተት አመነጫጨት ያጠና ሰው ነበር። በዚያ ጥናቱ ወቅት በአንዳንድ አገሮች ገበሬዎች የወለደች ላም ቶሎ እንዳትነጥፍ የእንቁላል ዕጢዎቿን እንደሚያወጡ ተረዳ። በማህጸን ግራና ቀኝ ያሉት የእንቁላል ዕጢዎች በጡት ላይ ሥልጣን አላቸው ማለት ነው ብሎም ደመደመ። ሆርሞን የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ገና አልተፈጠረም፤ ቃሉ በሥራ ላይ የዋለው በ1905 ነውና።

ቢትሰን ሐሳቡን በ1895 በተግባር ፈተነው። ካንሰሯ ተመልሶ የመጣባትና በቀዶ ሕክምና ሊወጣላት የማይችል አንዲት የ33 ዓመት ሴት ስትቀርብለት ሁለቱንም የእንቁላል ዕጢዎቿን አወጣላት። በወራት ውስጥ የጡቷ ዕጢ እየሟሸሸ ሄደ። በ1900 ስታንሊ ቦይድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በዚሁ ዘዴ የታከሙ 54 ሴቶችን መዝገብ ሰብስቦ ሲመረምር፣ የተጠቀሙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አገኘ። ሁለቱ ሦስተኛ የእንቁላል ዕጢያቸውን ያለ ጥቅም አጥተዋል። ከሦስት ሴቶች አንዷን ብቻ የሚረዳው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሕክምናው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

በእነዚህ ዓመታት መካከል የተሞከሩት ሕክምናዎች ያስከተሉት ጉዳት ዛሬ ሲነበብ ይከብዳል። በ1940ዎቹ ለሴቶች የወንድ ሆርሞን ይሰጥ ነበር፤ ሴቶቹ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ጢምም ያበቅላሉ። በ1944 አሌክሳንደር ሃዶውና ባልደረቦቹ ስቲልቤስትሮል የተባለውን ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን በከፍተኛ መጠን በመስጠት በአንዳንድ ያረጡ ሴቶች ላይ ዕጢ ሲቀንስ ማየታቸውን አስታወቁ፤ ማቅለሽለሽ፣ የእግር እብጠትና የማህጸን ደም መፍሰስ ግን የማይቀሩ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቻርልስ ሃጊንስና ባልደረባው በኩላሊት ላይ የሚገኙትን አድሬናል ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ማውጣት ጀመሩ። ይህ የተደረገላት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ኮርቲዞን ካልወሰደች መኖር አትችልም ነበር። ከአንጎል በታች የሚገኘውን ፒቱታሪ ዕጢ እስከ ማውጣትም ተደርሷል። የዘመኑ ሐኪሞች ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም፤ ታካሚዎቹም ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

የቦይድ እንቆቅልሽ መፍትሔ ያገኘው በቺካጎ ነው። ኤልውድ ጄንሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ የጨረር ምልክት የተደረገበት ኤስትሮጅን ተጠቅሞ፣ ሆርሞኑ በአንዳንድ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ከሚገኝ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አሳየ። የካንሰሩ ሕዋሳት ይህ የኤስትሮጅን ተቀባይ ካላቸው ኤስትሮጅንን መከልከል ዕጢውን ይጎዳዋል፤ ከሌላቸው ሕክምናው አይጠቅምም፤ የሚተርፈው የጎንዮሽ ጉዳቱ ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመጣ ተመልሶ ይነሣል።

ለወሊድ መቆጣጠሪያ የታሰበው ክኒን

በ1962 በእንግሊዝ አገር አይ.ሲ.አይ. በተባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች የኬሚስትሪ ባለሙያ አንድ አዲስ ውሁድ ሠራች። ውሁዱ የአርተር ዎልፖል ቡድን ከሩካቤ በኋላ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ ለማግኘት ያካሂድ የነበረው ምርምር አካል ነበር። በአይጦች ላይ ሲሞከር እርግዝናን በሚገባ ከለከለ፤ በሴቶች ላይ ሲሞከር ግን እንቁላል እንዲወጣ አነቃቃ። እርግዝናን ለመከላከል የታሰበው መድኃኒት እርግዝናን የሚያግዝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ውሁድ ነው በኋላ ታሞክሲፌን የተባለው። በ1975 በእንግሊዝ አገር እንቁላል ለማነቃቃት ጭምር እንዲታዘዝ ተፈቅዷል። ይህን ታሪክ ማስታወስ ዛሬም ይጠቅማል፤ ያላረጠች ሴት ታሞክሲፌን እየወሰደች ልትፀንስ ትችላለችና።

በ1971 ሜሪ ኮልና ባልደረቦቿ በማንቸስተር ክሪስቲ ሆስፒታል ለ46 የጡት ካንሰር ሕሙማን መድኃኒቱን ሰጥተው 10ሩ መሻሻል እንዳሳዩ ዘገቡ። ይህ ውጤት በጊዜው ከነበሩት ሌሎች የሆርሞን ሕክምናዎች የሚበልጥ አልነበረም። የሐኪሞቹን ትኩረት የሳበው የጎንዮሽ ጉዳቱ ማነስ ነው። ጢም አያበቅልም፤ ድምፅ አይለውጥም፤ እንደ ስቲልቤስትሮልም አያስመልስም። ታሞክሲፌን ወደ ሕክምናው ዓለም የገባበት የመጀመሪያው ብቃቱ ታካሚዎች ሊሸከሙት መቻላቸው ነበር ማለት ይቻላል። በ1973 በእንግሊዝ፣ በ1977 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ የተከማቸው ማስረጃ ብዙ ነው። በ2011 በላንሴት የታተመው የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንታኔ እንዳሳየው፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ታሞክሲፌንን ለአምስት ዓመት ሲወስዱ በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የኤስትሮጅን ተቀባይ በሌለው ካንሰር ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም።

የፍርሃት ዓመታት

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ አሳሳቢ ጉዳይ ብቅ አለ። በ1988 ክሬግ ጆርዳን የተሳተፈበት ቡድን የሰው የጡት ካንሰርና የሰው የማህጸን ግድግዳ ካንሰር በአንድ አይጥ ላይ አብሮ በመትከል ታሞክሲፌን ሰጠ። የጡቱ ዕጢ እድገት ተገታ፤ የማህጸኑ ዕጢ ግን አደገ። በቀጣዩ ዓመት በስቶክሆልም በተካሄደ ሰፊ ጥናት በሴቶች ላይም ተመሳሳይ አዝማሚያ ታየ። መድኃኒቱ በጡት ላይ ኤስትሮጅንን ሲያግድ፣ በማህጸን ግድግዳ ላይ ራሱ እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል ማለት ነው። በዚሁ ጠባዩ የተነሣ ባረጡ ሴቶች ላይ የአጥንትን ጥንካሬ ይጠብቃል፤ በሌላ በኩል ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያመቻቻል።

በ1996 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ታሞክሲፌንን የማህጸን ግድግዳ ካንሰር አምጪ ብሎ መደበው፤ በዚያው ሰነድ የጡት ካንሰርን እንደሚከላከልም አስፍሯል። በ1998 በአሜሪካ 13,388 ጤነኛ ሴቶች የተሳተፉበት የመከላከል ጥናት፣ መድኃኒቱ የጡት ካንሰርን በግማሽ ያህል ሲቀንስ የማህጸን ግድግዳ ካንሰርን ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዳሳደገ አሳየ። የጨመረው አደጋ በዋነኛነት የታየው ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ነው።

ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ በ2012 የታተመው አትላስ የተሰኘው ጥናት ይረዳል። የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ካንሰር ከነበራቸው ሴቶች መካከል መድኃኒቱን ለአሥር ዓመት የወሰዱት ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ዓመት ባለው ጊዜ በጡት ካንሰር የሞቱት 12.2 በመቶ ሲሆኑ፣ በአምስት ዓመት ካቆሙት ዘንድ 15 በመቶ ነበሩ። በማህጸን ግድግዳ ካንሰር የሞቱት ግን 0.4 እና 0.2 በመቶ ናቸው። አደጋው እውነት ነው፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። ይህን ልዩነት በቀላል ቋንቋ ለታካሚያችን ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው፤ ካላስረዳናት ግን “ክኒኑ ራሱ ካንሰር ያመጣል” የሚለውን ወሬ ከጎረቤት ትሰማለች።

ከጎንዮሽ ጉዳት የተወለደው ሕክምና

ሁለተኛው የሆርሞን አጋጅ ቤተሰብ የሚጀምረው ከተጣለ መድኃኒት ነው። አሚኖግሉቴቲማይድ የሚጥል በሽታን ለማከም በ1960 ገበያ ላይ የዋለ መድኃኒት ነበር። ነገር ግን የአድሬናል ዕጢን ሥራ እያዳከመ በማስቸገሩ በ1966 ከገበያ ወጣ። ያንኑ ጉዳት ያስተዋሉ ሐኪሞች “አድሬናልን በቢላዋ ከማውጣት ይልቅ በክኒን ማዳከም ይቻላል” ሲሉ አሰቡ። መድኃኒቱም ለጡት ካንሰር ተመልሶ መጣ። በቆይታ ዋነኛ ጥቅሙ አሮማቴዝ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ እንደሆነ ታወቀ። ይህ ኢንዛይም ባረጡ ሴቶች ሰውነት ውስጥ፣ በተለይም በስብ ውስጥ፣ ከአድሬናል የሚመነጩትን ሆርሞኖች ወደ ኤስትሮጅን የሚለውጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞልና ኤክሰሜስቴን አድሬናልን ሳይነኩ አሮማቴዝን ብቻ የሚያግዱ ናቸው። 9,366 ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበትና የመጀመሪያ ውጤቱ በ2002 የታተመው አታክ የተሰኘ ጥናት አናስትሮዞልን ከታሞክሲፌን ጋር አነጻጽሯል። ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በመከላከል አናስትሮዞል በልጦ ተገኘ፤ የደም መርጋትና የማህጸን ግድግዳ ካንሰርም ቀነሰ። በሌላ በኩል የአጥንት ስብራት በታሞክሲፌን ከነበረው 7.7 በመቶ ወደ 11 በመቶ ከፍ አለ፤ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትም በረከተ። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን መድኃኒቶች በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

አሮማቴዝ አጋጆች የእንቁላል ዕጢዋ በሥራ ላይ ላለ ሴት ብቻቸውን እንደማይሰጡ ማስታወስ ያሻል። እንዲህ ባለች ሴት ላይ የእንቁላል ዕጢን ይበልጥ ሊያነቃቁት ይችላሉና፣ ዕጢውን ከሚያሳርፍ ሌላ ሕክምና ጋር መጣመር አለባቸው።

መድኃኒቶቹ ወደ አገራችን ሲገቡ

በአገራችን የካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ 1997 ትልቅ ዓመት ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት ጨረር ሕክምና የተጀመረው ያኔ ነው። ማዕከሉ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ሆኖ ቆይቷል። በ2005 ደግሞ አስትራዜኔካ የተባለው ኩባንያ፣ አክሲዮስ ከተባለ ድርጅትና ከሆስፒታሉ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ የጡት ካንሰር ፕሮጀክትን ጀመረ። አስትራዜኔካ ታሞክሲፌንን የሠራው የአይ.ሲ.አይ. የመድኃኒት ክፍል ወራሽ ነው። በፕሮጀክቱ አማካይነት ታሞክሲፌንና አናስትሮዞል ለታካሚዎች በነጻ ይሰጡ ጀመር።

ከ2005 እስከ 2010 በሆስፒታሉ የታከሙ 1,070 ሴቶች መረጃ በኤቫ ካንተልሃርትና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ተተንትኖ በ2014 ታትሟል። የታካሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት ነበር። ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። ከላይ የጠቀስናቸው የውጭ ጥናቶች በብዛት ያረጡ ሴቶችን ያሳተፉ ሲሆኑ፣ የእኛ ታካሚ ግን በአብዛኛው ልጅ የምታሳድግ፣ ምናልባትም ገና ልጅ የምትመኝ፣ የወር አበባዋን የምታይ ሴት ናት። የማህጸን ግድግዳ ካንሰር ስጋቱ ለእርሷ ዝቅተኛ ነው። የወር አበባ መዛባት፣ የብልት ድርቀት፣ የመፀነስ ጥያቄና የትዳር ጉዳይ ግን ለእርሷ ይከብዳሉ።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በጥቁር አንበሳ ከታከሙ 352 ሴቶች መካከል ወደ ሁለት ሦስተኛ በሚጠጉት ካንሰሩ የኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ሆርሞን አጋጅ መድኃኒት ከሦስት ታካሚዎቻችን ሁለቱን ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛዋ ግን አለች። የተቀባይ ምርመራ በማይደረግባቸው የአገራችን አካባቢዎች ታሞክሲፌን በግምት ይታዘዛል። ምርመራ በሌለበት ይህን ማድረግ ከአለማድረግ ይሻላል፤ ነገር ግን የቦይድን የ1900 መዝገብ ያስታውሰናል። ምርመራ ሊደረግ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ናሙናውን መላክና ውጤቱን መከታተል አንዲት ሴት አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ጥቅም እንዳትሠቃይ ማድረግ ነው።

የኢትዮጵያ ስም ከታሞክሲፌን ጋር የሚነሣበት ሌላም ምክንያት አለ። ታሞክሲፌን በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው በጉበት ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ተለውጦ ኤንዶክሲፌን ሲሆን ነው። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ የተባዛ ነበር። በ2019 በኢትዮጵያውያን የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናትም ይህ የዘር ልዩነት በደም ውስጥ ከሚገኘው የኤንዶክሲፌን መጠን ጋር እንደሚዛመድ አረጋግጧል። ይህ ልዩነት በታካሚዋ ዕድሜ ርዝመት ላይ ስላለው ውጤት የዓለም ጥናቶች ስላልተስማሙ፣ የዘር ምርመራ ለሁሉም ታካሚ የሚታዘዝ አልሆነም። ይሁን እንጂ ኢንዛይሙን የሚያግዱ ሌሎች መድኃኒቶችን መጠንቀቅ በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት ያለው ምክር ነው።

ከጥቁር አንበሳ ውጭም ጅምሮች አሉ። በምዕራብ ወለጋ በአይራ ሆስፒታል የተቀባይ ምርመራ ተደርጎላቸው ታሞክሲፌን የጀመሩ የገጠር ሴቶች በክትትል ተጠንተዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ደግሞ ነርሶች በጡት ካንሰር ክትትል ሠልጥነው ለታካሚዎች ምክር እንዲሰጡና ቀጠሮ እንዲያስታውሱ ሲደረግ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱት ሴቶች ቁጥር መሻሻሉ በ2022 በታተመ ጥናት ታይቷል። የዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ግምት በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙና ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ እንደሞቱ ያመለክታል። ከዚህ ቁጥር አንጻር አንድ የሠለጠነች ነርስ የምታመጣው ለውጥ በርካሽ የሚገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ጫግኒ ላይ ሆነን ስናየው

ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከእንጅባራ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ከተማ ናት። የጡት ካንሰር ያለባት የአካባቢው ሴት በቅድሚያ ወደ እንጅባራ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ብዙ ጊዜም እስከ አዲስ አበባ ትላካለች። ቀዶ ሕክምናውና ኬሞቴራፒው እዚያ ይፈጸማል። የአምስት ዓመቱ ክኒን ግን የሚዋጠው እዚህ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱም የሚገለጠው እዚህ፣ መድኃኒቱን ያዘዘው ስፔሻሊስት በሌለበት ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ ሲታጣ ቀጠሮው ያልፋል፤ ክኒኑም ያልቃል።

እዚህ ከሚታዩት ችግሮች ለአካባቢያችን የተለየው የወባ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት ሌሊት ሙቀት ሽቅብ ይወጣባታል፤ ፊቷና አንገቷ ይግላል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ቆይቶ ይበርዳታል። በእኛ አገር ይህን ለነገረችው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ወባ ነው። የደም ምርመራዋ ነጻ ሆኖ ሳለ በተደጋጋሚ የወባ መድኃኒት ወስዳ የመጣች ታካሚ አጋጥማኛለች። የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት የጠየቃት አልነበረም፤ እርሷም የጡቱ ክኒን ከላቡ ጋር ይገናኛል ብላ አላሰበችም። ሁለቱን ለመለየት ከባድ ምርመራ አያስፈልግም። ሙቀቱ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ቴርሞሜትር ሲገባ የሰውነት ሙቀት አይጨምርም፤ ራስ ምታትና የሰውነት መሰባበር አይከተለውም። እርግጥ ነው፣ ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ወባም ሊይዛት ይችላልና ምርመራውን መተው አይገባም።

ሁለተኛው የቤተሰብ ምጣኔ ነው። በገጠሩ በስፋት የሚሰጡት መርፌውና በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ሆርሞን ያላቸው በመሆናቸው ለዚህች ሴት አይሆኑም። ሆርሞን የሌለው በማህጸን የሚቀመጥ የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ይመረጣል። የወር አበባዋ መቅረቱ አትፀንስም ማለት አይደለም፤ ታሞክሲፌን ደግሞ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ልጅ የምትፈልግ ከሆነ መድኃኒቱን በራሷ ከማቋረጥ ይልቅ ከሐኪሟ ጋር ጊዜ እንድትመርጥ እንምከራት። በ2023 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወራት ከወሰዱ በኋላ ለመፀነስ ብለው በክትትል ለጊዜው ያቋረጡ ሴቶች፣ በጥናቱ የአጭር ጊዜ ክትትል ውስጥ፣ ካንሰሩ እንደገና የመጣባቸው ካላቋረጡት በበለጠ አለመሆኑን አሳይቷል።

ሦስተኛው ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። ለድባቴ የሚታዘዘው ፍሉኦክሴቲን ከላይ የጠቀስነውን ኢንዛይም አጥብቆ ያግዳል፤ ስለዚህ ለታሞክሲፌን ታካሚ ሌላ መፈለግ ይገባል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የታሞክሲፌንን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ዝቅ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለች ታካሚ ስትገኝ ከስፔሻሊስት ጋር መመካከር ያሻል። ዋርፋሪን ከታሞክሲፌን ጋር ሲወሰድ ደም የማፍሰስ አደጋ ይጨምራል።

አስቸኳይ ምልክቶችን ማንም የጤና ባለሙያ ሊያውቃቸው ይገባል። የአንድ እግር ማበጥና መቁሰል፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት የደም መርጋት ምልክቶች ናቸው። ካረጠች ሴት ማህጸን የሚወጣ ደም፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ምርመራ ይፈልጋል። የዓይን ብዥታም ሊታይ ይገባል። አናስትሮዞል የምትወስድ ሴት ስለ ቁርጥማትና ስለ አጥንት ልትጠየቅ ይገባታል፤ ለቁርጥማቱ የሰውነት እንቅስቃሴና ቀላል የሕመም ማስታገሻ ይረዳሉ፤ ካልሆነም ከመተው ይልቅ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ያልተጠየቀው ነው። የብልት ድርቀትና በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም በአካባቢያችን ሴት በራሷ አንደበት የሚነገር ጉዳይ አይደለም፤ በተለይ ለወንድ ሐኪም። አዊኛ ተናጋሪ እናት ደግሞ በአማርኛ ስትጠየቅ መልሷ ያጥራል። በቋንቋዋ የምታነጋግራት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚህ ረገድ ከሐኪሙ የተሻለ ውጤት ታመጣለች። ጥያቄውም “መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?” የሚል መሆን የለበትም፤ ለዚህ መልሱ ሁልጊዜ “አዎን” ነው። “ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠሽ? መድኃኒቱ ምን አስቸገረሽ?” ማለት ይሻላል።

ይህ የገጠር ሴት ድክመት ተደርጎ እንዳይወሰድ። በ2010 የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ ከሚኖሩ 8,769 ሴቶች መካከል ሕክምናውን በታዘዘው መሠረት ለሙሉ ጊዜው የፈጸሙት 49 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። መድኃኒት ቤት በቅርብ ያላትና ያልተቸገረች ሴት ካቋረጠች፣ የእኛዋ ብታቋርጥ ሊያስገርመን አይገባም።

ከኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የምንማረው

በ2005 ሁለት ሕክምናዎች በአገራችን በነጻ መሰጠት ጀመሩ፤ አንዱ ታሞክሲፌን፣ ሌላው የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት። ሁለቱም በየቀኑ የሚዋጡ፣ ለዓመታት የሚቀጥሉ፣ የጎንዮሽ ጉዳት ያላቸው ናቸው። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። የራሱ የክትትል መዝገብና ቅጽ ተዘጋጀለት፤ መድኃኒቱ የሚያስከትለው ችግር በየቀጠሮው እንዲጠየቅ ተደረገ፤ ከታካሚዎች መካከል የተመለመሉ አማካሪዎች የጠፋውን ፈልገው ይመልሱ ነበር። የእምነት አባቶችም ተሳተፉ፤ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ታሞክሲፌን ግን ለረጅም ጊዜ በአንድ ሆስፒታል በር ላይ ቀረ። ከ2016 እስከ 2020 የተዘጋጀው ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አገልግሎቱን ወደ ክልሎች ለማስፋት መንገድ ከፍቷል፤ የክኒኑ ክትትል ግን ታካሚዋ እስከምትኖርበት ወረዳ መድረስ ይኖርበታል።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በየወረዳው ሆርሞን አጋጅ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ በአንድ መዝገብ ሊያዙ ይችላሉ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚታደልበት ክፍል፣ የሠለጠነው ነርስና የቀጠሮ ሥርዓቱ አሁንም አሉ። ከሪፈራል ሆስፒታል የምትመለስ ሴት የተቀባይ ምርመራ ውጤቷ፣ የመድኃኒቷ ስምና የሚያበቃበት ዓመት የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ብትመለስና መዝገቡ በዚያ ቢከፈት፣ ቀጠሮ ያለፈባትን ወዲያው ማወቅ ይቻላል። ወደ ጠበል የምትሄድ ታካሚም ክኒኗን ይዛ እንድትሄድ ሊነገራት ይችላል።

እነዚህ ሕክምናዎች የተሻሻሉት ታካሚዎቹ ምን እንደደረሰባቸው እየተመዘገበ ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ የማህጸን አደጋው አይታወቅም ነበር፤ አሚኖግሉቴቲማይድም እንደተጣለ ይቀር ነበር። የአገራችን ወጣት ታካሚዎች በእነዚህ መድኃኒቶች ምን እንደሚደርስባቸው የሚያውቀው ክትትሏን የያዘው የወረዳ ባለሙያ ነው። ሥራው ከነገ ቀጠሮ ሊጀምር ይችላል፤ ታሞክሲፌን የምትወስደውን ታካሚ ደም ግፊቷን ከለካን በኋላ ከመሸኘታችን በፊት ምን እንዳስቸገራት እንጠይቃት፤ መልሷንም በካርዷ ላይ እንጻፍ።